ጨዋ የሆንንበት ቀን

ወንድሜ የጻፍኩትን ኮድ ሲያነብ ድምፁን የዜና አንባቢ ያደርገዋል። አንድ መስመር ያነብና ቆም ይላል፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይገፋል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ይህን መስመር የጻፈችው ግለሰብ በወቅቱ እንቅልፍ ላይ እንደነበረች ከስፍራው የደረሰን ዘገባ ያመለክታል» ይላል። እኔ የወረቀት ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ከኪቦርዱ አርቄ፣ ጥርሴን ነክሼ እሰማለሁ። ደንባችን ነው። የጻፈው ዝም ብሎ ይሰማል፤ የሚያነበው ያገኘውን ስህተት ሁሉ አፉ እንዳመጣለት ይናገራል፤ የሚለው ሲያልቅበት ብቻ «ይለፍ» ይላል። ያቺ ቃል ካልተባለች አንዲት ፊደል ከክፍላችን አትወጣም። በማግስቱ አንባቢዋ እኔ ነኝ፤ ያኔ ደግሞ እሱ ካርቶኑ ላይ ይቀመጥና ላቡን ይጠርጋል።

እሱ «ምላጭ» ይለኛል። እኔ «ዲግሪው» እለዋለሁ። ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የወጣው እሱ ብቻ ነው፤ እማዬም ዲግሪውን በመስታወት አስገብታ ከፎቶኮፒ ማሽኑ በላይ፣ የመጣ ደንበኛ ሁሉ ወደደም ጠላም የሚያይበት ቦታ ሰቅላዋለች። እኔም የተማርኩት ከዚያው ዲግሪ ሥር ነው። ቀልዴን አይደለም፤ የሱቁ አሮጌ ኮምፒውተር የሚቀመጠው እዚያ ነበር። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ በነፃ የተዉትን ኮድ እየከፈትኩ፣ አንዱን መስመር ስነቅል ምን እንደሚፈርስ እያየሁ ተማርኩ። አስተማሪዎቼን በመልክ አላውቃቸውም። አንዳቸውም ግን የምስክር ወረቀትሽ የታለ ብሎ አልጠየቀኝም።

የምንሠራው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ድሮ የወረቀት መጋዘን ነበረች፤ አሁንም ናት፤ እኛ ነን ጥገኞቹ። እማዬ ፎቶኮፒውን ስታስነሳ አምፖላችን ጨለም ብሎ ይመለሳል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ እሷ እኛን፣ እኛም እሷን እንሰማለን። ጭቅጭቃችን ሲበዛባት ግድግዳውን በማስመሪያ ታንኳኳለች። ደንበኛ አለ፣ ቀስ በሉ ማለቷ ነው። እኛም ድምፃችንን ዝቅ አድርገን መዘላለፋችንን እንቀጥላለን።

ነገሩ የተጀመረው በአክስታችን ነው። አክስታችን አነስተኛ መድኃኒት ቤት አላት። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት መደርደሪያዋ ላይ እንዳይገኝ በየጊዜው ወንበር ላይ ትወጣና ፓኬቱን አንድ በአንድ እየገለበጠች ታያለች። አንድ ቀን ከወንበሩ ወደቀች። ክንዷን በፋሻ ጠቅልላ፣ ወንበሩንም እኛንም እየተራገመች መጣችና፣ ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ተጥዳችሁ ከምትውሉ ይህን የሚነግረኝ ነገር አትሠሩልኝም ወይ አለችን። ሠራንላት። በእጇ ምን እንዳለ፣ ምን እያለቀ እንደሆነ፣ የትኛው ጊዜው ሊያልፍ እንደተቃረበ የሚነግር ሶፍትዌር። የተቃረበው ቢጫ ይሆናል፣ ያለፈበት ቀይ። ቀይ የሆነውን ደግሞ ሶፍትዌሩ ራሱ አላሸጥም ይላል።

ኮዱ ክፍት የሆነው በእኔ ግትርነት ነው። ማንም ሰው ያየዋል፣ ይወስደዋል፣ እንደፈለገ ይቀይረዋል፤ ሳንቲም አይከፍልም። ዲግሪው አመንትቶ ነበር። እኔ ግን ሰው ክፍት በተወው በር ገብቼ ተምሬ የራሴን በር ብቀረቅር፣ እነዚያ የማላውቃቸው አስተማሪዎቼ የሆነ ቦታ ሆነው የሚታዘቡኝ መሰለኝ። እማዬ ነገሩን ስትሰማ፣ «እና ቁልፉን ለሰፈሩ ሁሉ አድላችሁ ቤት ልታከራዩ ነው?» አለች።

ሰው ግን መጣ። መጀመሪያ የአክስታችን ጓደኞች፣ ቀጥሎ ደጃፋቸውን ረግጠን በማናውቃቸው ከተሞች ያሉ መድኃኒት ቤቶች። አንዳንዶቹ ከኮምፒውተር ጋር ግብግብ መግጠም አንፈልግም፣ እናንተው ጫኑልን፣ እናንተው ጠብቁልን እያሉ ይከፍሉናል። የምንበላው ከዚያ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ አይከፍሉም፤ ያርሙናል። ከእነሱ ሁሉ የምትብሰው አንዲት ፋርማሲስት ናት፤ ኮዱን በምናስቀምጥበት የኢንተርኔት ገጻችን ላይ ራሷን «ኮምጣጤ» ብላ ነው የምትጠራው። ፊቷን አይተን አናውቅም። ስህተት ታገኛለች፣ ታስተካክላለች፣ ያስተካከለችውን ከዘለፋ ጋር ጠቅልላ ትልካለች። እወዳታለሁ።

ችግሩ፣ የሚከፍሉን ሰዎች ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ሰው ነው። እኛ ሁለት ነን።

ይህን እያወቅን እንዳላወቅን ሆነን ስንኖር፣ በሌላ ከተማ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው አንድ ባንክ ዲግሪውን ልቅጠርህ አለው። ደመወዙን ሲነግራት እማዬ ቆማ ነበር፤ ተቀመጠች። ጥሩ ሥራ ነው። መጥፎ ነገር ላገኝበት ብዙ ፈልጌ አጣሁ፤ እኔ ደግሞ መጥፎ ነገር በመፈለግ አልታማም። እስከ ዓርብ መልስ ስጠን ብለውታል። እሱ አላወራበትም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። «አትሂድብኝ» የሚባል ነገር በእኛ ቤት ሰው ሆስፒታል ካልገባ አይባልም።

በዚያው ሳምንት የፈንዱ ኢሜይል መጣ። ገና ጥርስ ባላወጡ ድርጅቶች ላይ ገንዘብ አፍስሶ በምትኩ ድርሻ የሚወስድ ፈንድ ነው፤ ቬንቸር ካፒታል የሚሉት። ኮዳቸውን ለዓለም ክፍት ያደረጉ ድርጅቶችን ይፈልጋል። የጻፉልን ሴትዮ ረቡዕ መጥተው አብረውን መዋል እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ መጨረሻ ላይ «ለእኔ ብላችሁ ምንም አትለውጡ» ብለዋል። ሁለታችንም ኢሜይሉን ደጋግመን አንብበነዋል። ያቺን መጨረሻዋን ግን በደንብ ያነበባት አልነበረም።

እማዬ ጉዳዩን የሰማችው እንደ ልማዷ በግድግዳው በኩል ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በሩን ገፍታ ገባችና ማስመሪያዋን እንደያዘች መሀላችን ቆመች። ሴትዮዋ ገንዘባቸውን ይዘው የሚመጡት እናንተ እርስ በርስ ስትባሉ ለማየት አይደለም አለችን። ከዚያም፦

«ነገ ከዚህች ክፍል አንዲት ክፉ ቃል ብትወጣ፣ ፎቶኮፒውን አጥፍቼ ነው የምመጣው።»

እማዬ በሥራ ሰዓት ፎቶኮፒ አጥፍታ አታውቅም። ነገሩ የምር መሆኑ ገባን። ዲግሪውም የሆነ ቦታ አንብቦ ኖሮ፣ ኢንቨስተሮች ከኪሳራ ይልቅ የሚፈሩት የመሥራቾችን ጠብ ነው ብሎ ደገፋት። ስለዚህ ተማማልን፦ ረቡዕን ጨዋ ሆነን እንውላለን። ማታ እራት ላይ ተለማመድን። እሱ «ሐሳብሽ በጣም ደስ ይላል፣ ነገር ግን…» ሲል እማዬ «ነገር ግን»ንም ከለከለች። እኔ ሳቄ አላስበላ አለኝ። እሱ ሸሚዙን ተኮሰ። እኔ ካርቶኖቹን ጨርቅ አለበስኳቸው።

ሴትዮዋ የመጡት በጠዋት ነው። በእማዬ ዕድሜ ናቸው፤ ጠፍጣፋ ጫማ፣ ትልቅ ቦርሳ፣ የማይቸኩል ዓይን። ከጎረቤት ሱቅ የተዋስንላቸውን ወንበር ትተው ካርቶን ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ መጠየቅ ጀመሩ። ለምን መድኃኒት ቤት? ለምን ክፍት? የሚከፍሏችሁ ሰዎች ለምን ይከፍላሉ፣ በነፃ መውሰድ እየቻሉ? መልስ ስንሰጣቸው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው እንደገና «ለምን?» ይላሉ። ምሳ ሳይደርስ ዲግሪው በጆሮዬ «ወይዘሮ ለምን» ብሎ ሰየማቸው። በዚያን ቀን ያለው ደህና ነገር እሱ ብቻ ነው።

አንዴ፣ ነፃ የተዋችሁትን ነገር አንድ ትልቅ ድርጅት ወስዶ ቢሸጥባችሁስ ብለው ጠየቁ። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ በሕልሜ መልሼዋለሁ።

«ይውሰድ» አልኳቸው። «ኮዱን ይወስዳል፣ ኮምጣጤን አይወስድም። እሷ የምትሰድበው የሚወዳትን ነው።»

ሴትዮዋ ቀና አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ፈካ አለ። እኔ ግን የግድግዳው ነገር ትዝ አለኝና አፌን ሰበሰብኩ። ይቅርታ፣ ለማለት የፈለግኩት የተጠቃሚዎቻችን ማኅበረሰብ እጅግ ትጉህ ነው አልኩ። ፍካቱ ተመልሶ ጠፋ።

ከምሳ በኋላ የንባብ ሰዓት ደረሰ። የሚነበበው የእኔ ነበር። የመድኃኒቱን ማብቂያ ቀን የሚያሰላውን ክፍል አጽድቼው ነበር፤ ከኮምጣጤ የመጡ የተጣመሙ መስመሮች ነበሩበት፣ ዓይኔን ስለሚቆረቁሩኝ ነቅዬ በአንዲት ቀጥ ያለች መስመር ተክቻቸዋለሁ። ኮርቼባታለሁ። ዲግሪው ማንበብ ጀመረ፤ በራሱ ድምፅ፣ ያለ ዜና። ወርዶ ወርዶ እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ። እኔ መጣብኝ ብዬ ትከሻዬን አጠበቅኩ። እሱ ወደ ግድግዳው አየ፣ ወደ ሴትዮዋ አየ፣ ከዚያ እኔን ትንሽ ቆየት አድርጎ አየኝ። መነጽሩን መለሰ።

«ንጹህ ነው» አለ። «ቆንጆ አድርገሽዋል። ይለፍ።»

«አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ» አልኩ።

ከግድግዳው ማዶ የማሽኑ ድምፅ ቆመ። እማዬ አጥፍታው አይደለም፤ ጆሮዋን ማመን አቅቷት ወረቀት መመገብ ረስታ ነው።

ሴትዮዋ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ የምትሠሩት ብለው ጠየቁ። ሁልጊዜ አልን፣ በአንድ ድምፅ። እሳቸው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዘለበቱን ለረጅም ጊዜ ነካኩ። ከዚያ ዲግሪውን፣ ሁለታችሁ አብራችሁ ትቀጥላላችሁ ወይ አሉት። ወንድሜ ውሸት አይሆንለትም። የባንኩን ነገር፣ የዓርቡን ቀን ነገራቸው። «ገባኝ» አሉ፤ አባባላቸው የፈሩትን ነገር ያገኘ ሰው አባባል ነበር። እስከ ማታ ሊውሉ የመጡት ሴትዮ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ተነሱ። እናስብበታለን አሉን፣ የሁለታችንንም እጅ ጨበጡ፣ እማዬን ልጆችዎ በጣም ጨዋ ናቸው ብለዋት ወጡ።

እማዬ በደስታ ገባች። እኛ ግን አውቀነዋል። ዲግሪው የተተኮሰ ሸሚዙን እጅጌ እየሰበሰበ፣ «አለቀ» አለ። እኔ ደግሞ፣ ማለት አይገባኝም እንጂ፣ «ቆንጆ» የምትለዋን ቃል እያላመጥኩ ነበር። ወንድሜ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንደ ሰው ጫማ ጠበበችኝ።

የተነበበና «ይለፍ» የተባለ ኮድ በዚያው ቀን ይለቀቃል፤ መድኃኒት ቤቶቹ በማግስቱ ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ያገኙታል። ሐሙስ ጠዋት መጀመሪያ የደወለችው አክስታችን ናት። ሰላምታ የለም።

«መድኃኒቶቼን ምን አደረጋችኋቸው? መደርደሪያዬ ደም መሰለ እኮ!»

ገጻችንን ስንከፍት ከየከተማው ያው ነው። በዚህ ወር የሚያበቃ መድኃኒት ሁሉ ቀይ ሆኗል፣ ሶፍትዌሩም አላሸጥም ብሏል። ከሁሉም በላይ ኮምጣጤ ተቀምጣለች፦ «ወሩ አላለቀም። መድኃኒቱም አልሞተም። ማነው የቀበረው?»

ወዲያው ገባኝ። ብዙ ፓኬት ላይ የሚጻፈው ወርና ዓመት ብቻ ነው፤ ቀን የለውም። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀን ያገለግላል። እነዚያ የተጣመሙት የኮምጣጤ መስመሮች ሥራቸው ይህ ነበር፤ ቀን ሲጎድል የወሩን መጨረሻ ይሞላሉ። የእኔ ቀጥ ያለች መስመር የወሩን የመጀመሪያ ቀን ሞላች። ቆንጆዋ መስመሬ።

ለመድኃኒት ቤቶቹ የተለቀቀውን እንዳይጠቀሙ፣ ወደ ቀድሞው እንዲመለሱ ጻፍኩላቸው። ከዚያ ዞር አልኩ።

«አይተኸው ነበር። መነጽርህን ገፍተህ ነበር።»

ዲግሪው ወደ ስክሪኑ ዞረ። ይበልጥ ነደድኩ። ሌላም ደንብ አለን፤ ስለ ኮዱ የተባለ ነገር ሁሉ ገጹ ላይ ከኮዱ ጎን ይጻፋል፣ በኋላ የሚመጣ ሰው ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ እንዲያውቅ። ስለዚህ ጻፍኩ፦ «ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። አይቶ ያሳለፈው ደግሞ ዲግሪ ያለው ነው።» እሱም ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ መታ መታ አድርጎ መለሰ፦ «ያሳለፍኩት ጸሐፊዋ ስትመሰገን ምን እንደምትመስል ለማየት ነው። አስፈሪ ነበር።» እኔ፦ «ለእውር መነጽር የሸጠለት ሰው ገንዘቡን ይመልስ።» እሱ፦ «የኮምጣጤን ኮድ እንደ አረም የነቀለችው አትክልተኛ ማረሻዋን ታስቀምጥ።» በአፋችንም እየተባባልን ነበር፣ በጣታችንም። መሀል ላይ ኮምጣጤ ገባች፦ «ተመሰጋገናችሁ? ለዚህ ነዋ የቀላብኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ነገሩ አላለቀም።

«የምሬን ነው» አልኩት። «ለምን ዝም አልክ? የእማዬን ማስመሪያ ፈርተህ ነው?»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። ያለ መነጽር ልጅ ይመስላል።

«እሱም አለበት» አለ። «ግን… ገንዘቡ ካልመጣ ዓርብ እሺ ልላቸው ነበር። መጨረሻ ያነበብኩልሽ ነገር በስድብ እንዲያልቅ አልፈለግኩም።»

አምፖሉ ጨለም ብሎ ተመለሰ። እማዬ ማሽኑን አስነስታለች። በዚያች ቅጽበት ብዙ ነገር ልለው እችል ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይለዋል።

«ስድቡን ነው የምፈልገው» አልኩት። «ቆንጆ ነሽ የሚለኝ መንገድ ላይም አላጣም።»

«መንገድ ላይ ማን አለሽ?»

«ዓይን ያለው ሁሉ።»

የኮምጣጤን መስመሮች ወደ ቦታቸው መለስኳቸው፤ ከጎናቸውም ለምን እንደተጣመሙ የሚያስረዳ ቃል ጨመርኩ፣ እንደኔ ያለ ትዕቢተኛ ዳግም እንዳይነቅላቸው። ዲግሪው አነበበ። በዜና አንባቢ ድምፅ፣ ስለ አንዲት ወር ቀብራ ስለተያዘች ተጠርጣሪ ሰፊ ዘገባ ጨምሮበት፣ አንዱንም ሳይምር። አንዲት የተረሳች ነገር አገኘ፣ አንዳንዴ ሃያ ስምንት፣ አንዳንዴ ሃያ ዘጠኝ ቀን የምትሆነዋን የፈረንጆች ወር፣ ፌብሩዋሪን። አስተካከልኩ። «ይለፍ» አለ። ለቀቅነው። አክስታችን ደውላ መደርደሪያዋ እንደዳነ ነገረችን፤ ይህንንም ያለ ሰላምታ።

ከሰዓት በኋላ ከሱቁ በኩል የእማዬ ድምፅ ተሰማ። እያነበበች ነበር፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው ቃል በቃል። «ለእውር… መነጽር… የሸጠለት… ሰው…» ማሽኑ ድምፅ አሰማ። «አትክልተኛ… ማረሻዋን…» ተያይተን ተነስተን ወጣን።

ወይዘሮ ለምን ከባንኮኒው ማዶ ቆመዋል፣ ያንኑ ቦርሳ ይዘው። ገጻችንን እንድታትምላቸው ለእማዬ ሰጥተዋት ኖሯል። እማዬ ገና ያልበረደውን ወረቀት ይዛ፣ ፊቷ እንደ ወረቀቱ ነጥቶ ቆማለች።

«ይህ ሁሉ… ሰው ያየዋል?» አለች።

ዓለም በሙሉ ያየዋል አልናት።

«የሱቁ ስም አለበት?»

የለበትም ስንላት ትንሽ ተነፈሰች።

ሴትዮዋ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ነገሩን። ገጻችንን ለብዙ ወራት ሲያነቡ ከርመዋል። ከመምጣታቸው በፊት ለባልደረቦቻቸው ያወሩት ስለ ጭቅጭቃችን ነበር፤ እነዚህ ሁለቱ አንዱ ለአንዱ ምንም አያሳልፉም፣ ፋርማሲስቶቹም ይህን ስላዩ ያገኙትን ለመናገር አይፈሩም፣ እኛም ገንዘባችንን የምናስቀምጠው ኮዱ ላይ ሳይሆን ይህ ላይ ነው ብለዋቸዋል። ትናንት ሲመጡ ግን የሚመሰጋገኑ ሁለት እንግዳ ሰዎች አገኙ። የባንኩን ነገር ሲሰሙማ፣ ድርጅቱ ፈርሶ መርዶው ብቻ የቀረ መሰላቸው።

«ቤታችሁን ለዓለም ክፍት አድርጋችሁ» አሉ፣ «ከእኔ ምኑን ልትደብቁ ነበር?»

ከአንድ ቀን በስተቀር ተሰዳድበንና ተዘላልፈን የጻፍነውን ሁሉ አደባባይ ሰቅለን፣ እሱን ለመሸፈን ሸሚዝ ተኩሰናል። ካርቶን ጨርቅ አልብሰናል። የሱቁ ሰው ሁሉ ሲስቅብን ከሁሉ በላይ የሳቀችው እማዬ ናት፣ የመከራው አዛዥ እሷ ሆና ሳለ።

ሴትዮዋ ወረቀታቸውን ወደ ቦርሳ ሲያስገቡ ዲግሪውን አዩት። የዛሬውን ለባልደረቦቻቸው እንደሚያሳዩ፣ በእኛ በኩል ቆመው እንደሚከራከሩ ተናገሩ። ስብሰባው ግን የሚቀጥለው ሳምንት ነው። «ዓርብህን አውቃለሁ» አሉት። «ከነገ በፊት ቃል ልሰጥህ አልችልም። ልዋሽህም አልፈልግም።» ለዚህ ወደድኳቸው። ስማቸውን ግን አልቀየርንላቸውም።

ገንዘቡ በኋላ መጣ። ካሰብነው አንሶ፣ ድርሻቸውን ሲጠይቁ ግን አላፈሩም። ኮዱ እንደተከፈተ ይቆያል የምትለዋን አንቀጽ ውል ውስጥ ያስገቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ዓርብ ዕለት ግን ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ዓርብ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። ዲግሪው ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ፤ ጨርቁን አንስቶታል። ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋ። ኮድ አልነበረም። ለባንኩ የተጻፈ መልስ ነበር፣ ያልተላከ።

«አንብቢ» አለኝ። እጁን ከኪቦርዱ አራቀ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርኩ፣ በዜና ድምፅ። «‹ለሰጣችሁኝ ዕድል ከልብ እያመሰገንኩ…› ከልብ ማመስገኑን ለሦስተኛ ጊዜ መግለጹን ዘጋቢያችን አረጋግጧል። ሁለቱ ይጥፉ።» አጠፋሁለት። ቀጠልኩ። ጥሪውን መቀበል እንደማይችል ጽፏል። ድምፄን አጠንክሬ አለፍኩት። «‹ባለብኝ የቤተሰብ ኃላፊነት ምክንያት›። ይህ ኃላፊነት የተባለው ማነው?»

«በከፊል አንቺ።»

«አባቴ የሆንክ አስመሰልከው። ሥራ አለኝ በል።»

አስተካከልኩት። ሥራ አለኝ ሆነ። አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ ነበረች፣ አነሳኋት። አንድ ቃል ሁለት ጊዜ ገብቷል፣ አንዱን ቆረጥኩ። ከላይ እስከ ታች ሄድኩ፣ ተመለስኩ። እሱ ላቡን ይጠርጋል። እንደገና ሄድኩ። የሚባል ነገር እየፈለግኩ ነበር፣ እሱም እየፈለግኩ መሆኑን ያውቃል።

«ምላጭ፣ ደነዘዝሽ?»

«ገንዘቡ ባይመጣስ?» አልኩት።

«ካርቶን ላይ እንቀመጣለና።» የተቀመጠበትን መታ መታ አደረገው። «አሁን ምን ላይ ያለን መስሎሽ ነው?»

ደብዳቤው ላይ ተጨማሪ ስህተት አልነበረም። ሥራዬ ነውና አውቃለሁ። ቃሏን ካልኩ ይላካል፣ ከተላከ አይመለስም፤ የወንድሜ ደመወዝ፣ ያ እማዬን ያስቀመጠው፣ በእኔ አንዲት ቃል ይሄዳል። አፌ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ከበደኝ። ከማዶ ግድግዳው በማስመሪያ ተንኳኳ።

«በይው እንጂ» አለች እማዬ። «ደንበኛ ቆሟል።»

«ይለፍ» አልኩ። ድምፄ የዜና አንባቢ አልነበረም።